የወደቀውን አውሮፕላን ምክንያት የፈለጉት መሐንዲስ አላምረው ነጋ

በእጃችሁ ባለው የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ሽፋን ላይ የትውልድ ቦታቸው ጎንደር ከተማ ተብሎ ታትሟል። ስሕተቱ የታየው ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት ከወጣ በኋላ ነውና ይቅርታ እየጠየቅን በንባብ እናርማለን። መሐንዲስ አላምረው ነጋ ከአባታቸው ከመሪጌታ ነጋ አስናቀው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይመኙሽ እንዳልካቸው በ1974 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተወለዱ።

አባታቸው ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወደ አዘዞ ሲዛወሩ አብረው ሄደው ትምህርታቸውን በዚያው ተከታተሉ። ድጓ ይማራሉ ሲባል ልባቸው ከቤታቸው በላይ በሚያልፈው አውሮፕላን ተወሰደ። እናታቸው «ምነው ልጄ፣ ምድር ጠበበችህ?» ቢሏቸውም አልመለሷቸውም። አዲስ አበባ በምሕንድስና ተመርቀው በጥገና ሥራ ከቆዩ በኋላ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪ ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ወይዘሮ ማርያማዊትን አግብተው ምስጢርንና ሃናን ወለዱ።

ከሥራቸው ሁሉ የከበዳቸው፣ በጭጋግ ሊያርፍ ሲል ከመንደርደሪያው ሳይደርስ የተከሰከሰው የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። ሰው ሁሉ ጥፋቱን በሞቱት ካፒቴን ላይ ጣለ። የካፒቴኑ ባለቤት ወይዘሮ ኤሌኒ ልጆቻቸው «የገዳይ ልጆች» መባላቸውን ሲነግሯቸው፣ አላምረው «እትዬ፣ ጥፋቱ የእሳቸው ከሆነ አልደብቅዎትም፤ ካልሆነም ዝም አልልም» አሏቸው።

በምርመራቸው የካፒቴኑ ከፍታ መለኪያ በዕለቱ የአየር ግፊት አለመስተካከሉን፣ አውሮፕላኑንም ከነበረበት ከፍ አድርጎ ማሳየቱን ደረሱበት። የወጣቱ ረዳት አብራሪ መለኪያ ግን ትክክል ነበር። ልዩነቱን አይቷል፤ በድምፅ መቅጃው የተሰማው ግን «ጋሼ፣ ትንሽ ዝቅ ያልን አይመስልዎትም?» ማለቱ ብቻ ነው። ካፒቴኑ «አይዞህ፣ አሁን መሬቱ ይታያል» አሉት። ታላቅን ፊት ለፊት «ተሳሳቱ» ማለት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ከዚያ በላይ አልደፈረም።

አንዳንዶች «የሞተ አይከራከርም፤ ምርመራውን በካፒቴኑ ላይ ዝጋው» ቢሏቸውም አላምረው አልፈረሙም። ጥፋቱ የካፒቴኑ ብቻ ሳይሆን የአሠለጣጠኑም ነው፤ ረዳት አብራሪ አደጋ ሲያይ ሳያፍር እንዲጮኽ፣ ካልተሰማም መሪውን እንዲይዝ ይሠልጥን ብለው ጻፉ፤ ሥልጠናውም ተቀየረ። ወይዘሮ ኤሌኒ ዛሬ ከነልጆቻቸው በመካከላችን ቆመዋል።

የአላምረው እናት የልጃቸውን ክፉ ወሬ ሁልጊዜ ከሰማይ ሲጠብቁ ኖሩ። የመጣው ግን በጉበት ሕመም ነው። አላምረው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ43 ዓመታቸው፣ አዘዞ በእናታቸው ቤት ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጭጋግ በሌለበት አገር፣ ቀድመዋቸው ከሄዱት ከአባታቸው አጠገብ ያኑርልን።

ወይዘሮ ይመኙሽ ልጃቸው በተጓዙ ቁጥር «እማ፣ ገባሁ» ብለው እስኪደውሉ ድረስ የግቢውን በር አይቆልፉም ነበር። ትናንት ማታ ለቀስተኛው ሲበተን ጎረቤት ልዝጋልዎት ቢላቸው እምቢ አሉ፤ ራሳቸው ሄደው ቆለፉት።