በሬውን የጠራው ኮምፒዩተር

ወረታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኔዋ ነገረኛ፣ ለብርክቲ፣

ናይሮቢ እንዴት ይዛሻለች? እኛ ደኅና ነን፤ ርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ መስሏል። እኔን ግን ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

የሠራሽውን ጌም ስትልኪልኝ «አጎቴ፣ ለዊንዶውስ ነው፤ ኮምፒዩተርህ በሚሠራበት ሊኑክስ አይከፈትም» አልሽኝ። «አይሆንም» ሲሉኝ የሚብስበትን አመሌን ስለምታውቂ ሆን ብለሽ ነው! የዊንዶውስን ፕሮግራም በሊኑክስ የሚያስኬደውን ዋይንን ጫንሁና ጌምሽ ተነሣ። ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ጥለሽልኝ የሄድሽው ኮምፒዩተር ግራፊክስ ካርዱ አርጅቷል፤ የሚያሠራውን፣ ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም ካላገኘ ሥዕል አያወጣም። ድራይቨሩን ስፈልግ፣ ከዚያ ጨለማ ውስጥ «ቡሬ! ና ወዲህ! ና የኔ ጌታ፣ ውሃው መጣ!» የሚል ድምፅ ወጣ።

የአባትሽ ድምፅ! ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ።

የባሰው ደግሞ ራሳቸው አባትሽ ደጃፌ ላይ ቆመዋል። ቀድሰው ሲመለሱ ስልካቸውን እንድሠራላቸው ይዘው መጥተው ነበር። አስተማሪነቱን ትተሽ «ጌም እሠራለሁ» ብለሽ ከሄድሽ ወዲህ ስምሽን ያልጠሩት አባትሽ!

«ባየህ፣ ይህ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«እኔማ እዚህ ቆሜያለሁ!» ብለው አማተቡ።

«ጎርፉ በሬዎን ቡሬን የከበበው ዕለት ልጅዎ ድምፅዎን ቀድታ ኖሯል። ጌም አድርጋዋለች።»

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይመጣል?» አሉኝ።

«ሥዕሉ ሳይታይ በምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ ምን ትጎለታለህ? አምጣዋ!»

ቄስ ከራስጌ ቆሞ ድራይቨር መጫን እንዴት ያለ ፈተና መሰለሽ! ሦስተኛውን ስሞክር ሥዕሉ ቦግ አለ። ቡሬ ውሃውን እየቀዘፈ መጣ። ያን ዕለት ውሃ ወስዶት ያልመጣው ቡሬ፣ ዳር ወጥቶ ተራገፈ። አባትሽ እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ነኩት። ይህን በዓይኔ አየሁ እልሻለሁ፤ ራሴም አላመንሁ።

ስልካቸውን ረስተው ወጡ። ከደጅ ተመልሰው ግን እንዲህ አሉኝ፦ «ለብርክቲ ንገራት። ያን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ድምፄ እንዲህ አይደለም። መጥታ እንደገና ትቅዳኝ።»

ብርክቲ፣ ያን ዕለት አጠገባቸው ነበርሁ። ጉንፋን የሚባል ነገር አልነካቸውም።

መቅጃሽን ይዘሽ ነይ። አምላክ መንገድሽን ያድርቅልሽ፣ ወንዙን ያጉድልልሽ።

ያው ነገር ፈላጊው አጎትሽ፣
ባየህ