በምላሴ ሥር ያለው ጠጠር

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ደረጃ መውጣቱን ቻለልዎ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ይህን የልጅ ልጅዎ የምታነብልዎ ከሆነ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ እንዳልዘጋው ግን ሐሰት ይሆንብኛል።

እትዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ደብቄዎታለሁ። ምግብ ልቀምስ ስል በግራ አገጬ ሥር እንቁላል የሚያህል ነገር ብቅ ይላል፤ ይወጥረኛል፣ እስከ ጆሮዬ ይወጋኛል። ከበላሁ ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲሆነው እንዳልነበረ ይሟሽሻል። ጎምዛዛ ነገርማ ገና ሳየው ይጀምረኛል። የሥራ ጓደኞቼ ጆሮ ደግፍ ነው ብለው ሳህኔን ለዩብኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ግን ጆሮ ደግፍ የምሳ ደወል ሰምቶ አይመጣም።

እኔ ሌላ ጠረጠርኩ። ስጾም እብጠቱ የለም፤ ስገድፍ ይመጣል። አምላክ አትብላ እያለኝ ነው አልኩ። ያውቃሉ፣ ባለቤቴ ልታርፍ ሰሞን ሎሚ በአፌ አድርግልኝ ብላ ስትለምነኝ፣ ሐኪም ከልክሏል ብዬ ነፈግኋት። አሁን ሎሚ ባየሁ ቁጥር አገጬ ሲወጠር ፍርዴ መጣ ብዬ ተቀበልኩና ከረቡዕና ዓርብ ጾም ሌላ አሥራ አንድ ቀን ጨምሬ ጾምኩ። ዛሬ ሳስበው ትሕትና የመሰለኝ ኩራት ነበር፤ እግዚአብሔርን እኔን ሲጠብቅ የሚውል ሥራ ፈት አስመሰልኩት።

ባለፈው ሳምንት ያየችኝ ሐኪም ምላሴን አንስታ ዳበሰችና የምራቅ መውረጃው ላይ ጠጠር ተቀርቅሯል አለችኝ። ምግብ ሲመጣ ምራቅ ይመነጫል፣ መውጫ ያጣና እዚያው ያብጣል፤ በጾም ጊዜ ስለሚቀንስ ይረጋል። ውሃ በብዛት ጠጣ፣ ሎሚ ምጠጥ፣ በሙቅ ጨርቅ እሸው፤ ትኩሳት ወይም መግል ከመጣ ግን በዚያው ቀን ና አለችኝ። አጠገቤ የሚሠራው፣ እንደ ሌሎቹ አባባ የሚለኝ ልብስ አጣፊ ይህን ሲሰማ፣ አባባን ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ስንላቸው ለካ ገና አልወረደላቸውም ብሎ አሳቀን።

ውሃ ጠጣ ማለት ቀላል ነው። የምሠራው መስኮት በሌለው የልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው፤ አንሶላ የምተኩስበት ማሽን እንፋሎቱን ፊቴ ላይ ሲተፋ ይውላል። በሩ የሚከፈተው በአለቃችን ካርድ ነው። ልውጣ ባልኩ ቁጥር፣ አባባ፣ ሽንት ነው ወይስ ሱባኤ ይለኛል። እሱን ላለመለመን ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳልቀምስ እውላለሁ። ሎሚውንም ገዝቼ ኪሴ ውስጥ አደረቅሁት፤ ለእሷ የነፈግሁትን እኔ እንዴት ልምጠጥ?

ትናንት ሳልበላም እብጠቱ አልጎደለም። ብርድ ብርድ አለኝ፣ አፌን መግል የመሰለ ነገር መረረኝ። ዛሬ ጠዋት አለቃዬን ሐኪም ቤት ልሂድ ብለው፣ የወጣ ሰው ቦታውን ሌላ ይይዘዋል አለኝና ካርዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሄደ።

እስከዚህ የጻፍኩት በምሳ ሰዓት እዚያው ሆኜ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከሐኪም ቤት ወረፋ ነው። የቆሸሸ አንሶላ የሚያመጣው ሾፌር በሩን ሲያስከፍት ከጋሪው ኋላ ወጣሁ። ማንም አልያዘኝም። ስልኬ እየጮኸ ነው፤ አለቃዬ ነው፣ አላነሳሁትም። የምተኛውም በሥራው ቤት ነውና ነገ ሥራም አልጋም ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

ለጋሼ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ሳላቸው ተሻላቸው? ለልጅዎና ለምራትዎ፣ ይህን ለምታነብልዎ ለልጅ ልጅዎም እንዲሁ፤ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩት ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታ ታድርግልኝ። ነርሷ ጠጠሩ ዛሬ ሊወጣ ይችላል ብላ፣ የቅርብ ዘመድ ማን ልበል ስትለኝ የእርስዎን ስምና ስልክ አስጻፍኩ። ሩቅ ናቸው ብላት፣ ይሁን አለች። ከማያውቁት ቁጥር ቢደወልልዎ አይደንግጡ፤ ብቻ ያንሱት።

ታናሽ ወንድምዎ
ከሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ከቀትር በኋላ