ፉርኖ በማንጎና በሚጥሚጣ

ሰኞ፣ ግንቦት 10 ቀን 1962 ዓ.ም.

ዛሬም አንድ ሰው የእኛን ሳንድዊች ሠርቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሙቀጫው ውስጥ የለውዝ ፍርፋሪ አለ። የሚጥሚጣው ብልቃጥ ክዳኑ ላልቷል። በዚህ ሳምንት ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ፉርኖ ሰንጥቀን፣ የተወቀጠ ለውዝ፣ ማንጎና ሚጥሚጣ የጨመርንበት እኔና ታናሽ ወንድሜ ዮናስ ነን። ባሮ ዳር ተደብቀን ነበር የምንበላው። ለማንም ላንናገር ተማምለናል። እሱ በወባ ከሞተ ወር አለፈው። ታዲያ ማን አወቀ?

እህቴን አስቴርን ጠረጠርኩ።

"እስቲ እፍ በዪብኝ።"

"ሂድ ወዲያ! ማንጎ በሚጥሚጣ የሚበላ እብድ ነው።"

"በሚጥሚጣ መሆኑን ማን ነገረሽ?"

ዓይኗ ወደ ጓዳ ሄደ። ገባሁ። አባባ ቆመዋል። የክሊኒኩን ነጭ ጋዋን እንኳ አላወለቁም። ፂማቸው ላይ ለውዝ አለ።

"ታሞ ሳለ ለመነኝ" አሉ ሳያዩኝ። "ፉርኖ፣ ለውዝ፣ ማንጎ፣ ሚጥሚጣ ሲለኝ ትኩሳቱ የሚያስቀባጥረው መሰለኝ። ስንት ዓመት ድሬሰር ሆኜ! ኪኒን ሰጥቼ አስተኛሁት።"

ዮናስ መሐላችንን አፍርሷል። በሞተ ሰው መናደድ ይቻላል?

አባባ የተገመሰውን ፉርኖ አገላብጠው አዩት።

"የሆነ ነገር ጎድሎታል። ሚጥሚጣው ከላይ ነው ከታች?"

"ከላይ" አልኳቸው።

ከታች ነው፣ ከለውዙ ሥር። ይህን ግን ዮናስ አልነገራቸውም ማለት ነው።