ክር የሞረደው ጥርስ

አባቢዬ፣

ከሄድክ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ቤታችን ደህና ነው፤ እማዬም ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሂርማታ ገበያ ያለችውን ሱቅህን ሞባይል ጠጋኝ ተከራይቷታል። የስፌት መኪናህን ግን ቤት አምጥተን መስኮቱ ሥር አስቀምጠናታል። ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ድምፅ የመኪናህ ይመስላትና እማዬ ቀና ብላ ታያለች። እኔም አብሬያት አያለሁ።

እኔ እዚያው ኮሌጅ ነኝ፤ የራስ ቅልና የጥርስ ቅርጽ እለካለሁ። ሥራዬን መጀመሪያ የነገርኩህ ቀን ስቀህ፣ ያው የኔ ሥራ ነው፣ ያንቺ ደንበኞች ግን በዋጋ አይከራከሩም አልከኝ። አርባ ዓመት የሰው ጭንቅላት በክር እየለካህ ኮፍያ ሰፍተሃል። አንድ እናት የወለደቻቸው ወንድማማቾች እንኳ አንድ ኮፍያ አይጋሩም ትል ነበር። ያ የአጋሮው ነጋዴ ጭንቅላቱ ከኋላ ሾጠጥ ያለ ነበር፣ ታናሹ ደግሞ እንደ ድንች ድቡልቡል። እኔም በብረት መለኪያዬ፣ በካሊፐር፣ የማገኘው ያንኑ ነው።

አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ መስኮቱን ሲሸፍነው እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ያኔ ትመጣለህ። ክርህን አንገትህ ላይ ጥለህ በመደርደሪያዎቹ መካከል ትሄዳለህ፤ እያንዳንዱን ቅል ቀስ ብለህ ትለካለህ። ይህኛው ደዶ የኖረ ነው፣ እዚያ ብርድ ስላለ ጆሮ ድረስ የሚወርድ ይሰፋለት ትላለህ። አንዱንም ያለ ሰላምታ አታልፍም። ስነቃ ካሊፐሩ እጄ ላይ ነው።

አሁን የከበደኝን ልንገርህ። የወላጅንና የልጅን ጥርስ የሚያወዳድረው ጥናታችን አንተ በሕይወት ሳለህ ሲጀመር፣ ማንም ሳይጠራህ መጣህ። መዝጋቢዋ፣ የሥጋ ልጅህ ናት ወይ ብላ ጠየቀችህ። በሁለት ዓመቴ ከሊሙ ገነት በጉዲፈቻ እንዳመጣኸኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንተ ግን ዓይንህ እንኳ ሳይርገበገብ፣ «ኢንተለ ኮቲ። ልጄ ናት፤ ሌላ ምን ትጽፊያለሽ?» አልካት። እኔ አጠገብህ ቆሜ ዝም አልኩ። በሰው ፊት እንዴት ላርምህ? ሁለታችንም እንደ ሊጥ ያለውን ነገር ነከስን፤ የጥርሳችን ቅርጽ በጀሶ ወጣ።

ባለፈው ወር ለመለካት የኛ ጀሶዎች ተራ ደረሰ። ያንተ መንጋጋ ሰፊ፣ የኔ ጠባብ፤ ያንተ ጥርስ ትልልቅ፣ የኔ ደቃቅ። ከአንድ ነገር በቀር የሚገጥም የለም። የላይኛው የፊት ጥርሳችን ጠርዝ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ ትንሽ የተበላች ጉድጓድ አለች። አለቃዬ ሲያያት ደስ አለው። ይኸው፣ ደም አይደበቅም ብሎ ለሌሎች ሊያሳያት ፎቶ አነሳት።

አባቢ፣ ተፈተንኩ። ዝም ብል በወረቀቱ ላይ የሥጋ አባቴ ሆነህ ትኖራለህ፤ ብናገር ትሰረዛለህ። አንተ ግን በክር ውፍረት ያህል የሳተ ኮፍያ ፈትተህ እንደገና የምትሰፋ ሰው ነበርክ። እኔ ያንተን ስም በተሳሳተ ልኬት ላስቀምጥ?

ሄጄ ለአለቃዬ እውነቱን ነገርኩት። ያቺን ጉድጓድ ደም አላመጣትም፣ ክር ነው የሞረዳት። አንተ ዕድሜ ልክህን ክር በጥርስህ ቆረጥክ፤ እኔም ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ እግርህ ሥር ተቀምጬ፣ አንተን እያየሁ፣ በዚያው ጥርስ ቆረጥኩ። እማዬ መቀስ እያለላችሁ ብላ ስትቆጣን እየተያየን እንስቅ ነበር። አለቃዬም ሰምቶ ሁለታችንንም ከጥናቱ አወጣን። ለሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩህ መስሎኝ አለቀስኩ።

ጀሶዎቹን ለምኜ ወሰድኳቸው። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከካፊያው በሻሼ ሸፍኜ ወደ ቤት ስመጣ ልቤ ቀስ በቀስ ቀለለኝ። ለካ ከጥናቱም የወጣነው አንድ ላይ ነው።

ጀሶ አንድ ቀን ወድቆ ይሰበር ይሆናል። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። የማን ልጅ ነሽ ላለኝ ሁሉ፣ ያን ቀን መዝጋቢዋ ፊት እንዳደረግኩት ዝም አልልም። ያንተ ነኝ።

ልጅህ