ወንበሩ ላይ የለጠፍኩት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12
ብርድ። ከጭላሎ ተራራ ወደ አሰላ የሚወርደው ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ ዋለ። ቤት የነበርነው እኔና አማቴ እማማ የሺሃረግ፤ ወደ ማታ ደግሞ ሊን። የጓሮዋን ክፍል ከተከራየች አራት ወሯ።

ቻይናዊት ናት፤ እዚሁ ከተማ ካለ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ያረጁ ዕቃዎችን በእንግሊዝኛ መመዝገብ አለባት። የምታውቀው አንድ ቃል ነው፤ ኦልድ፣ አሮጌ። ጨርቁም ኦልድ፣ ማሽኑም ኦልድ። አለቃዋ ወረቀቱን መለሰባት።

"ተናኜ፣ አንቺ ጋ ብዙ ቃል አለ" አለችኝ።

እኔ ጋ? ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ወረቀት፣ ባሌ ወንደሰን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጣላቸው ደብተሮች የለቃቀምኩት… ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14
ጠዋት ከእማማ ጋር ትንሽ ተነጋገርን። አልጽፈውም።

ለሊን ዘዴ አገኘሁ። ቃሉን ከዕቃው ጋር ካላየችው አይያዝላትም። ወረቀት ቆራርጬ፣ ከላይ እንግሊዝኛውን ከታች አማርኛውን ጽፌ፣ በዱቄት ሙጫ በየዕቃው ላይ ለጠፍኩ። መጋረጃው ላይ ፌድድ፣ ቀለሙ የለቀቀ። አልጋ ልብሱ ላይ ትሬድቤር፣ የነተበ። ሬዲዮው ላይ አውትዴትድ፣ ጊዜው ያለፈበት። ቁም ሣጥኑ ላይ ሻቢ፣ የተጎሳቆለ። ዕቃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም!

የእማማ ወንበር መደገፊያ ላይ ዎርን አውት። አገልግሎቱን የጨረሰ።

ሊን እየዞረች አነበበች። ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እማማ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16
ቃላቱን እስክይዝ ወረቀቶቹ ይቆዩ አለች ሊን። እማማ ሁለት ቀን ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱ ከትከሻቸው በላይ…

ዛሬ ዳዊታቸውን ደግመው ሲጨርሱ፣ "ተናኜ።"

"አቤት እማማ።"

"እኔ ላይ የትኛውን ልትለጥፊ ነው?"

ፈገግ ብለው ነው ያሉት። "ኧረ እማማ! ለሊን ትምህርት ነው እኮ!" አልኩ።

"እሱማ ገብቶኛል። ትማር። ጎበዝ ናት።"

ሁሉንም ላጥኩ። የሙጫው ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ በእርጥብ ጨርቅ ብፈትገውም አልለቅም አለ።

ማንበብ እንደሚችሉ ረስቼ ነው? በየጠዋቱ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማሁ? አልረሳሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18
ከገበያ ስመለስ ቆራሌው ሁሴኖ በራችን ላይ። ወንበሩን ጀርባው ላይ አዝሎታል።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ደህና ወንበር ነው" ይላቸዋል። "ቤት ሊቀይሩ ነው እንዴ?"

"አገልግሎቱን ጨርሷል። የተማረች ልጅ ናት ያለችኝ። ሬዲዮውንም ጨምር፣ ጊዜው አልፎበታል።"

"ሁሴኖ፣ አውርደው!" አልኩ።

እማማ ዞር ብለው አዩኝ። "የማንን ወንበር?"

የእሳቸው ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ልጃቸው ወንደሰን ሲሞት፣ "ብቻሽን አትሆኚም" ብለው ከሲሬ ሲመጡ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነው ያመጡት ነው። እኔ ወደ እሳቸው አልሄድኩም። እሳቸው ናቸው የመጡልኝ። ሁሴኖ ይዞት ሄደ።

ከሰዓት ሲሬ ላለችው ልጃቸው ለዘመናይ ደወሉ። "ነገ እመጣለሁ… አይ፣ ለመጠየቅ አይደለም" ሲሉ ሰማሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ሄዱ።

ቦርሳቸውን ይዤ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ባጃጅ ውስጥ ስለ ገብስ አጨዳ አወሩ። ሚኒባሱ ሲነሳ፣ "ሊንን ሰላም በያት" አሉኝ።

ሊን ማታ ቸኮሌት ይዛ መጣች። ወረቀቷን ተቀብለዋታል፤ አለቃዋ አመስግኗታል። "እማማ የት?" አለች። "ልጃቸው ጋ" አልኩ። ውሸት አይደለም… እውነትም አይደለም። ቸኮሌቱ እንዳለ ተቀምጧል።

የሐሙሱን ልጻፈው። እማማ ያሉት ይህን ነው፤ "በዚህ ዕድሜሽ ወረቀት መልቀም ምን ይፈይድልሻል?" ይኸው ነው። ክፉ ቃል እንኳ አይደለም። ሙጫውን ሳማስል ግን ቃሉ ጆሮዬ ላይ ነበር። ዎርን አውትን በጓሮው ቦቲ ጫማ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር። ከዚያ ወንበሩን አየሁ። የአማርኛውን ጽሑፍ አጉልቼ ጻፍኩት። ሊን እኮ አማርኛ ማንበብ አትችልም! ለማን አጎላሁት ታዲያ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20
አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን ለሊን ሰጠሁ። ተራ የያዘውን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ሲሬ፣ ዘመናይ ግቢ ገባሁ። እማማ ፀሐይ ላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"ምነው? ሰው ሞተ?"

"ለሊን ብዬ አልነበረም እማማ። እርስዎ እንዲያነቡት ነው የለጠፍኩት።" ቆሜ ነው ያልኩት። ዘመናይ በሩ ላይ ሆና ሰምታለች። ትስማ።

እማማ ከምስሩ ጠጠር አንስተው ጣሉ። ሌላ አነሱ።

"ስድስት ዓመት ከአንድ ገበታ ስንበላ፣ ቅር ያለሽን በአፍሽ መናገር አቃተሽ?"

"አቃተኝ።"

"ለዚህ ነው ከአሰላ የመጣሽው?"

"ለዚህ ነው።"

ሰፌዱን አንስተው ምስሩን አንገዋለሉ። "ምሳ ሳትበዪ አትሄጂም" አሉ ኋላ። ከአንቺ ጋር እመለሳለሁ አላሉም። እኔም አልለመንኳቸውም፤ የምለምንበት አፍ አልነበረኝም።

ሰፌዱን ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ጠጠር መልቀም ጀመርኩ።