የቤቱ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም

ኧረ ቤቱ አልተቃጠለም! ማን ነው ተቃጠለ ያለህ? ጣሪያው አለ፣ ግድግዳው አለ፣ አባዬም ወንበሩ ላይ ሆኖ እንደ ልማዱ ያዛጋል። እማዬ በስልክ ያለችህ «የቤቱ ተቃጠለ» ነው። ፊውዝ የሚለው ስም ሲጠፋባት «የቤቱ» ብላ አለፈችው፣ ያንተ ስልክ ደግሞ «የ»ዋን ዋጣት። በአንዲት «የ» ምክንያት ቤተሰቡ በሙሉ ዘመተብኝ። አንተም ቆም ብለህ እሳት ነው ወይስ ሌላ ሳትል፣ «ያንን ትቼው የመጣሁትን ኮምፒውተር ዛሬ ነገ ሳትሉ ሽጡት፣ እሷም ሁለተኛ ሽቦ እንዳትነካ» አልክ። አላልኩም እንዳትለኝ፣ እማዬ ስታወራህ አጠገቧ ነበርኩ፣ ድምፅህ እስከ በሩ ይሰማ ነበር።

ንዴቴ ከሰላምታዬ ቀደመ፣ ይቅር በለኝ። ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ደረቅ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስነሳሃል? ወገቤን አለ ብላኛለች እማዬ፤ ዕቃ ስታነሳ በጉልበትህ እንጂ በወገብህ አታንሳ፣ ጉልበት ሁለት ነው ወገብ ግን አንድ ነው። ትበላለህ? ወይስ ሆድህን በሻይ እየሸነገልክ ነው? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? ያ አንኮራፊው ትራሱን ቀየረ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም ባንተ የተነሳ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ትተኸው የሄድከው ላፕቶፕ ቻርጀሩ ሞተ። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ እብድ ነበር የመጣው፣ ቻርጀሩም ጢስ እንኳ ሳያወጣ ዝም አለ። ባትሪውን ታውቀዋለህ፣ ገመዱ ከተነቀለ ትንፋሽ የለውም። የሱን ዓይነት ቻርጀር ፍለጋ ያልገባሁበት ሱቅ የለም። አንዱ ባለሱቅ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ይሄማ አያቴ ሲዳሩ የተገዛ ነው» አለኝ። «አያትህ ኮምፒውተር ከነበራቸው አንተ ለምን በጣትህ ትቆጥራለህ?» ብዬው ወጣሁ። ሌላው የሸጠልኝ ደግሞ ሰክቼው ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ነቅዬ መለስኩለት።

ለምን እንዲህ ተጨነቅሽ ትለኝ ይሆናል። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴትዮ ናት ምክንያቷ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው እየመጣ ይመለስብኛል፣ የራስሽን ኮምፒውተር ይዘሽ ከመጣሽ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ እሰጥሻለሁ ብላኛለች። ሰኞ ነው የምጀምረው። ትምህርቱን ካቆምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደተሰበረ ወንበር ነው የሚያየኝ፣ አይጥለኝም፣ አይቀመጥብኝም። «ነይ ሥሪ» ያለችኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሰኞ ባዶ እጄን ብሄድ ጠረጴዛው የሌላ ሰው ነው፣ እሷም አልደበቀችኝም።

ስለዚህ ቻርጀር ከሌለ እሠራለሁ አልኩ። ሬዲዮ ጠጋኙን፣ ሻለቃ ሽቦ የምንለውን፣ አትረሳውም። ከሞተ አምፕሊፋየር ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር አውጥቶ ሰጠኝ። ክፍያው ወሬውን መስማት ነበር፣ እውነቴን ነው የምልህ፣ ተወደደብኝ። ትራንስፎርመር ማለት የግድግዳውን ትልቅ ኃይል ተቀብሎ አሳንሶ የሚሰጥ ሽቦ የተጠቀለለበት ብረት ነው። በአንድ በኩል ሁለት ቀጫጭን፣ በሌላ በኩል ሁለት ወፍራም ሽቦ ወጥቶለታል። ታዲያ ሻለቃ ስለራሱ ጀግንነት ሲያወራ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ ቀረ፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ሄጄ፣ የግድግዳው ኃይል ትልቅ ስለሆነ ወፍራሙ ነው የሚችለው ብዬ ወፍራሙን ሰካሁት።

ጧ! አለ። ፍሪጁ ጸጥ፣ ቴሌቪዥኑ ጸጥ። እማዬ ከጓዳ «ወይኔ ልጄን!» እያለች ወጣች። በሁለት እግሬ መቆሜን ስታይ ደግሞ «ወይኔ የቤቱን!» አለች። እንግዲህ ሰው ሁሉ በሚሯሯጥበት በዚያች ደቂቃ ነው አንተ የደወልከው። ከዓመት እስከ ዓመት ስትጠፋ ቆይተህ፣ ቀን ስትመርጥ ይህችን መረጥክ!

ሻለቃ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወፍራም ሁሉ ጉልበተኛ መሰለሽ እንዴ? ቀጭኑ ነው የግድግዳው!» አለኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ልክ ነበር፣ ዋጥ አደረግኩት። መጥቶ ፊውዙን በደህና ፊውዝ ቀየረልን። ከዚያ ወዲህ እሱ ቆሞ ሳያይ ግድግዳ ላይ ምንም እንዳልሰካ አስማለኝ፣ እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ። ይሄን እንኳ ማንም አልነገረህም።

ቀጥሎ በእሱ ሱቅ ውስጥ ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮድና ኃይል የሚያጠራቅም በርሜል የሚያህል ካፓሲተር በየድኩ። የብየዳው ካውያ ጣቴን አንዴ ጠብሶኛል፣ ለእማዬ እንዳትነግርብኝ። ትራንስፎርመሩ ላይ አሥራ ስምንት ቮልት ተብሎ ተጽፏል፣ ላፕቶፑ የሚፈልገው አሥራ ዘጠኝ ነው። አንድ ብትጎድል ምን ይላል ብዬ ልሰካው ስል ሻለቃ እጄን ያዘና በቴስተር ለኪ አለኝ። ሃያ አራት! ትራንስፎርመሩን ውሸታም ብዬ ሰደብኩት። ለካ አሥራ ስምንቱ የሚወዛወዘው ኃይል አማካይ ነገር ነው፣ ካፓሲተሩ ደግሞ የሚያጠራቅመው ከጫፉ ነው። ባልለካው ኖሮ ዛሬ ቁጣህ ሁሉ ተገቢ ይሆን ነበር። ስለዚህ ቮልቱን አሥራ ዘጠኝ ላይ ይዞ የማይለቅ ሬጉሌተር ጨመርንበት፣ ሙቀቱን የሚበትን ወፍራም አልሙኒየም ከጀርባው አሰርንለት፣ የራሱን ፊውዝ ሰጠነው። ሁሉንም የከተትነው የአባዬ የተሰበረ ሬዲዮ ሳጥን ውስጥ ነው፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም አለው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አላስነካሁትም፣ ሁለት የመኪና አምፖል ቀጣጥለን ከሰዓቱን ሙሉ አበራንበት። ቴስተሩ ከአሥራ ዘጠኝ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሰካሁት። መጀመሪያ ያቺ ትንሽ መብራት በራች፣ ቀጥሎ ያንተ ፎቶ፣ ጥርስህን ሁሉ ያስቆጠርክበት፣ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ አለ። ጮህኩ። ሻለቃም ዞር ዞር እያደረገ አየውና «እኔ ከሠራሁት አያንስም» አለ። ከሱ አፍ ይሄ ምርቃት ነው። አሁንም የምጽፍልህ በዚሁ ነው፣ ቤትም የሰካሁት ሻለቃ መጥቶ ቆሞ እያየ ነው፣ ሳጥኑ ከክርኔ አጠገብ እዝዝ ይላል።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ቤት አምጥቼ ለአባዬ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ አየው፣ ጀርባውን ነካ አደረገው። ፊቱ መፍታታት ጀምሮ ነበር፣ አይቼዋለሁ። «ይሞቃል» አለ። እንዲሞቅ ነው የተሠራው፣ አልሙኒየሙ ለዚያ ነው ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? «አንተስ የተቀመጥክበት ወንበር ይሞቅ የለ? እሱንም እንሽጠው?» እማዬ ፊቷን አዙራ ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል፣ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። «ገዢ አግኝቼለታለሁ፣ ዛሬ ማምሻውን መጥቶ ይወስደዋል፣ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ዕቃው የወንድምሽ ነው፣ ሽጡት ያለውም እሱ ነው፣ በራሱ አንደበት ካልመለሰው እኔ ሰው ፊት ቃሌን አላጥፍም» አለ። እማዬም ብትለምነው ያው ነው።

አየህ፣ እኔ ብምል ብገዘት ዋጋ የለውም። ነገሩ ያለው ባንተ አፍ ላይ ነው። በእማዬ ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፣ ሥራ ላይ ነህ መሰለኝ አላነሳህም፣ ለሻይ ስትወጡ ግን መልእክት እንደምታይ አውቃለሁ። ኮምፒውተሩን ስጠኝ አላልኩህም። ያንተ ነው፣ ስትመጣም ያንተ ነው። እስከዚያ እኔ ልሥራበት።

እማዬ ጉንጭህን ትስምሃለች፣ ሹራብ ይልበስ ብላለች፣ ሙቀት ነው ብላት አታምነኝም። አባዬ በርታ ይልሃል፣ በኮምፒውተሩ ባንስማማም ሰላምታህን አላስቀረም። ትንሿ እህታችን አንድ የወለቀ ጥርሷን ላክልኝ እያለች ነው፣ በኢሜይል አይሄድም ብያታለሁ። ሻለቃም ሰላም ብሎሃል፣ ከሰላምታው ጋር የላከውን ጉራ ግን ለቦታ ስል ትቼዋለሁ። አብረውህ ላሉት ልጆች በሙሉ፣ ለአንኮራፊውም ጭምር፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ታናሽህ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ሰኔ 14

ይሄን እንዳነበብክ ደውል። ለእኔ አይደለም፣ ለአባዬ። «አትሽጡት» በለው፣ ሌላ ምንም አትጨምር። ሳይጨልም ደውል፣ የኛን ጨለማ ነው የምልህ፣ ያንተን አይደለም።