ጤነኛ የተባለው ደም፦ የዶክተር ማርሲል ቡሽራ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ማርሲል ቡሽራ ከአባታቸው ከመምህር ቡሽራ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢስቴር ጊርጊስ በ1961 እ.ኤ.አ. በግብፅ፣ በናይል ዳር ባለችው በሚት ጋምር ከተማ ተወለዱ። ገና ተማሪ ሳሉ እናታቸው በጉበት በሽታ አረፉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቢልሃርዚያ ነው አለ፤ እርሳቸውም አመኑ።

በመንሱራ ሕክምና ተምረው በ1985 ተመረቁ። በ1988 ከፋርማሲስቱ ከአቶ ናጂ ሐቢብ ጋር በተክሊል ተጋብተው ናርዲንንና ፊሎፓቲርን ወለዱ። በእስክንድርያ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥም ዕድሜያቸውን ለአንድ ጥያቄ ሰጡ፤ ሰውነት አይቶት የማያውቀውን የጉበት ቫይረስ በምን ይለየዋል? ከእኛ ጋር የሚወለዱ ጠባቂዎች በጉበት ሕዋስ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲያገኙ ደወል ይደውላሉ። "ሄፓታይተስ ሲ ደወሉ ሲጮኽ ገመዱን ይቆርጣል፤ ቢ ግን ደወሉን ሳይነካ ይገባል" እያሉ ያስተምሩ ነበር።

ለማነጻጸሪያ የሚሆን የጤነኛ ሰው ደም በላቦራቶሪው ልማድ ከሠራተኞቹ ይቀዳል። ዶክተር ማርሲል ሁልጊዜ ቀድመው እጅጌያቸውን ይሰበስቡ ነበር። "ኑ ቅዱ! እኔ ውስጥ ከሻይ በቀር ምንም አታገኙም" ይሉ ነበር። የሄፓታይተስ ቢን ክትባት ከሠራተኞቹ ጋር ስለወሰዱ እርሳቸውን ልመርምር ያለ አልነበረም።

በ2022 ተማሪያቸው ሻዲ የማነጻጸሪያውን ደም ሁሉ እንደ አዲስ ሲመረምር በአንዱ ሄፓታይተስ ቢ አገኘ።

"ዶክተር፣ ቱቦ አምታትቼ ነው፤ ይቅርታ" አላቸው።

"አላምታታህም ልጄ። የኔ ነው" አሉት የቱቦውን ቁጥር አይተው።

ሲወለዱ ከእናታቸው የተቀበሉት ነበር። ክትባቱ የደረሰው ቫይረሱ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ካንሰርም ጉበታቸውን ይዞት ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸው ይህን ማመን እስከ ዛሬ አቅቶናል።

እርሳቸው ግን ወዲያው ለታናሽ ወንድማቸው፣ ለአባቴ ለሚላድ ደወሉ። "አንተ መርፌ ፈሪ፣ ሳትመረመር ድምፅህን እንዳታሰማኝ!" አሏቸው። ልጆቻቸው ተመርምረው ከቫይረሱ ነጻ ሆኑ፤ አባቴ ላይ ግን ተገኘ። በጊዜ ስለታወቀ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ዛሬ ከፊታችሁ ቆመዋል።

ዶክተር ማርሲል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በየካቲት 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት ከሦስተኛው ቀን ጸሎት በኋላ ሻዲና ጓደኞቹ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደም ይመረምራሉ። ጤነኛ ነን የምትሉም ኑ፤ እጃችሁን ዘርጉላቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ከኢስቴር ጋር በብርሃኑ ያሳርፍልን።